ሞራ የያዘው ካሜራዬና የትርንጎ ሰርግ

በእኛ ጊዜ ፎቶ መነሳት እንደ እናንተ እጅን ዘርግቶ ጠቅ ማድረግ አልነበረም። ሰው ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ የጎረቤት ኮት ተውሶ ነበር ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣ። እና እዚህ ደብረ ታቦር ላይ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ባለው ጊዜ፣ ‹ፎቶ አንሺ የት ነው?› ብሎ የጠየቀ እንግዳ ሁሉ ወደ እኔ ወደ ታከለ ቤት ነበር የሚላክ። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ታዲያ እናንተ የልጄ የትርንጎ ልጆች፣ ከባሕር ዳር ድረስ መጥታችሁ ‹አባባ፣ እርስዎ ፎቶ አንሺ ሆነው የእናታችንን የሰርግ ፎቶ ለምን ሌላ ሰው አነሳው?› አላችሁኝ። ማን እንዳስጠናችሁ አውቃለሁ። ያቻትላችሁ አያታችሁ የሺ፣ ፊቷን አዙራ ጥጥ ትፈትላለች፣ ትከሻዋ ግን ይስቃል።

እንግዲህ ስሙኝ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ቴምብር ከምታክል ነገር ነው። የእኔን ካሜራ ሌንሱን ፈትታችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ፣ ዘመም ያለ መስታወት አለ። ሌንሱ ያየውን ነገር መስታወቱ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከላይ ደግሞ አንዲት ስስ ፕላስቲክ ተጋድማለች፤ አንድ ፊቷ ለስላሳ ነው፣ አንድ ፊቷ ሻካራ ነው፣ ምስሉም በሻካራው ላይ ነው የሚያርፍ። አንተ ዓይንህን ቀዳዳው ላይ ስታደርግ የምታየው እሷን ነው። እሷ ላይ ሰውየው ጠርቶ ከታየህ ፎቶውም ጥርት ይላል፤ ከደበዘዘብህ ሌንሱን ታዞራለህ። ስሟን ፈረንጆቹ ምን እንደሚሏት እንጃ፣ እኔ ብሌን ነበር የምላት። የካሜራው ብሌን።

ታዲያ ብሌን ያረጃል። ያኔ መንገዱ አስፋልት የለው፣ ለክርስትናውም ለማኅበሩም ጋፋት ድረስ በእግር እሄዳለሁ፣ እዚያው አቧራው ላይ ቆሜ ሌንስ እቀይራለሁ። አቧራው ይገባል። እኔም እፍ እላለሁ፣ ምራቄ ይረጫል። ምራቁን በነጠላ ጥለት እጠርጋለሁ፣ ይጫራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብሌኗ የድመት ጥፍር ያገኛት መሰለች። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን ያህል ተጭራ ፎቶው ላይ ምንም አይታይም። ማንሻውን ስትጫነው መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ በቀጥታ ወደ ፊልሙ ነው የሚሄድ፤ ብሌኗን አያገኛትም። ስለዚህ የእሷን ማርጀት የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሚጨልመው የእኔ ዓይን ነው እንጂ የሰው ፎቶ አይደለም።

አንድ ቀን ታዲያ ‹ላጽዳት› ብዬ ተነሳሁ። ሐኪም ቤት መርፌ ከመውጋታቸው በፊት በአልኮል ይጠርጉ የለ? ‹አልኮል የሚያጸዳ ከሆነ ዳገም አረቄማ ምን ይጠየቃል› ብዬ የየሺን ዳገም በጥጥ ነክሬ አሸት አሸት አደረግኋት። ምን ልበላችሁ፣ ዓይኔ እያየ ነጭ ሆና ቀረች። ሽማግሌ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ።

‹የቀረውን አረቄስ የት አደረሱት?› ትላለች ይህችው አያታችሁ።

ጠጣሁት። ንዴት ነዋ፣ ምን ላድርገው።

እና ከዚያ ወዲያ ካሜራው ያያል፣ እኔ አላይም። ሰው መቆሙን አያለሁ፤ ጥርት ማለቱን ግን አላውቅም። ታዲያ ብልሃት ፈለግሁ። ሌንሱ ላይ ተነሺው ስንት ሜትር እንደሚርቅ የሚነግር ቁጥር አለ። ሲባጎ አመጣሁና በየሜትሩ ቋጠርኩት። አንዱን ጫፍ ካሜራው ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን ጫፍ ለተነሺው እሰጠዋለሁ። ‹አፍንጫህ ላይ አድርገው› እለዋለሁ። ቋጠሮውን አይቼ ሌንሱን በቁጥሩ ላይ አደርገዋለሁ። ‹በል ገመዱን ልቀቅ። አትነቃነቅ። አትተንፍስ።› ቀጭ።

‹አያ ታከለ፣ ምነው እንደ በግ ሊጎትቱኝ ነው?› ይላል አንዱ። ‹ዝም ብለህ ቁም› እለዋለሁ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ እንከን የለውም፣ ግን የእኔን ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ ፍርድ ለመስማት ችሎት የቆመ ይመስላል። ከተማው ‹ባለሲባጎው› የሚል ስም አወጣልኝ። ቢሉኝስ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ የላቸው።

ኋላ ሰዓዳ መጣች።

ሰዓዳ የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ኑሩ ልጅ ናት። በልጅነቷ ጅዳ ሄዳ፣ ሠርታ፣ ስትመለስ ሌላው ወርቅና ብርድ ልብስ ይዞ ሲመጣ እሷ ካሜራ ይዛ መጣች። ካሜራዋ ደግሞ የእኔው ዓይነት ነው፤ ወንድማማች ናቸው፣ የእኔ ታላቅ የእሷ ታናሽ። ከአባቷ ሱቅ ጓሮ ያለውን ክፍል ጠረገች፣ ሰማያዊ ጨርቅ ሰቀለች፣ ‹ግቡ› አለች። ሴቱ ሁሉ ገባ። ‹ሴት ለሴት ይሻላል፣ ደግሞ ገመድ የላትም› ተባለ።

ቅናት ይዟችሁ ያውቃል? አያሳያችሁ። መጀመሪያ እኔ ‹ጨዋታ ነው፣ ይሰለቻቸዋል› ብዬ ነበር። ከዚያ ከሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ወደ እሷ የሚሄደውን መመልከት ጀመርኩ። ‹ያቺ የቄሱ ምራት አይደለችም? አምና እኮ እኔ ነኝ ያነሳኋት። ያስ? ያ እንኳ መጣ?› ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ አንገቴ ወደ እሷ በር ዞሮ ነው የምመልስለት። እህል አልበላ አለኝ። የእሷ ፎቶ ላይ ሰው ይስቃል፣ ይጨፍራል፣ ልጅ ይዘላል፣ ሁሉም ጥርት ብሎ። እኔ አንድ ሰው እንዳይተነፍስ ስለምን እውላለሁ፣ እሷ የሚዘል ልጅ ትይዛለች።

የባሰው ደግሞ ከቤቴ መጣ። አያታችሁ ከማርያም ማኅበርተኞቿ ጋር ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረደች። ሰዓዳም ወገቧን ያማት ነበርና አብራቸው ሄደች። ሲመለሱ የሺ አንድ ፎቶ መደርደሪያው ላይ አቆመች። ሄጄ አየሁ። ከውሃ ወጥታ፣ ፀጉሯ ርሶ፣ ጋቢ ለብሳ፣ ትስቃለች። ፍንጭቷ ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ይፋግ ገበያ ላይ ያንን ፍንጭት አይቼ ነው ያገባኋት። ከተጋባን ወዲህ ግን አንድም ቀን በፎቶ አላወጣሁትም፤ ሲባጎ አፍንጫው ላይ የያዘ ሰው እንዴት አድርጎ ይስቃል?

‹ማን አስቆሽ ነው እንዲህ?› አልኳት።

‹ሰዓዳ ናት።›

‹ምን ብላ?›

‹አንቱን እያስመሰለች› አለችኝ። ‹አትነቃነቂ፣ አትተንፍሺ፣ እያለች።›

አያችሁ? ሚስቴ በእኔ ላይ ስቃ፣ ያንን ሳቅ ሌላ ሰው ወሰደው። ጋቢዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ ሰዓዳ ሄድኩ። ልጣላት ነው የሄድኩ። እሷ ደግሞ ጎንበስ ብላ ተነስታ ‹አያ ታከለ፣ ይግቡ፣ ኖር› ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ቁጭ ብሎ መጣላት አይሆንልኝም፣ ቢሆንም ‹ሚስቴን አንሺ ያለሽ ማን ነው?› አልኳት።

‹እሳቸው ናቸው።›

‹እኔን እያስመሰልሽ ታስቂያለሽ አሉ።›

‹ኧረ በሞቴ፣ ለፍቅር እኮ ነው። ይልቅስ እስቲ በዚህ ይዩ› ብላ ካሜራዋን እጄ ላይ አኖረችው።

ዓይኔን አስጠጋሁ። ከደጅ ማዶ አንዲት ሴት በርበሬ ትሸጣለች። እናንተ ልጆች፣ የበርበሬዋን ዛላ አንድ በአንድ አየሁ። የሴትዮዋን ማተብ ክሩን አየሁ። ጥርት ያለ፣ ልክ መስኮት እንደ መክፈት ነው። እኔ ለካ እስከ ዛሬ በላስቲክ ተጋርጄ ነበር ዓለምን የማየው። ካሜራውን ልመልስላት ብል እጄ እምቢ አለኝ። የሰው ንብረት ተመኝቼ አላውቅም፣ ያችን ብሌን ግን ተመኘኋት።

‹እንዴት ነው?› አለችኝ።

‹ደህና ነው። የእኔ ግን ከዚህ ይበራል› አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ‹አያ ታከለ፣ ከካሜራዬ ጋር የመጣች አንዲት ተቀያሪ አለችኝ። ምናልባት የእርስዎ ደክማ ከሆነ ይውሰዷት፣ እኔ አልሠራባትም።›

‹እኔ ዓይን አልለምንም› ብያት ወጣሁ። ገብቷት ነበር እኮ። መድከሟ ገብቷት ነበር፤ ያ ደግሞ ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

ታዲያ በዚያው ዓመት እናታችሁ ታጨች። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ትርንጎ አንድ ልጄ ናት፤ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የለኝም። የአገሩን ሰርግ ሁሉ ያነሳሁ ሰው፣ የእሷን ሰርግ ካላነሳሁ ፎቶ አንሺነቴ ምን ሊረባኝ ነው? እኔ ይህን ሳስብ እሷ መጥታ ከእግሬ ሥር ቁጭ አለች።

‹አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።›

‹በይ።›

‹በሰርጌ ቀን ሲባጎ አፍንጫዬ ላይ አልይዝም።›

‹እሺ አትያዢ።›

‹እና ሰዓዳ ብታነሳኝስ? እርስዎም አርፈው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጡ።›

‹እኔ ቆሜ እያለሁ?› አልኳት። ‹አባትሽ ቆሞ እያለ የኑሩ ልጅ? በይ ተነሺ ሂጂ።› ሄደች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ሙሽራ በጭፈራ መካከል ስትገባ ማን ገመድ ይዘረጋል። ብሌን መቀየር አለብኝ። የሰዓዳን ግን አልወስድም።

ጎንደር ሄድኩ። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወድቆ የሞተ ካሜራ አገኘሁ፣ የእኔው ዓይነት፣ ብሌኗ ደህና። ሰውየው አወጣልኝና ‹ካሜራዎትን ያምጡ፣ እኔው ላስገባልዎት› አለኝ። ካሜራዬን ግን ትቼው ነበር የመጣሁ። ለምን አትሉም? ካሜራ ይዤ መኪና ስሳፈር ያየኝ ሰው ‹የታከለ ካሜራ ታሟል› ብሎ ለሰዓዳ ይነግርብኛል ብዬ ነዋ። ብሌኗን በጥጥ ጠቅልዬ፣ የደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር በእጄ እየደገፍኩ ተመለስኩ።

ማግስቱን የሺ እሾህ የምትነቅልበትን ወረንጦ ወሰድኩና በሬን ዘጋሁ። ሞራ የያዘችውን አውጥቼ ጣልኩ፣ አዲሷን አነሳሁ። እንግዲህ የትኛው ፊት ወደ ላይ ነው? አንደኛው ለስላሳ፣ አንደኛው ሻካራ። አሰብኩ። ‹አጎዛ ሲነጠፍ ፀጉሩ ወደ የት ነው? ወደ ላይ ነው። ለስላሳው ወደ መሬት ነው። ደግሞም ከታች የሚመጣ አቧራ ለስላሳ ላይ አይይዝም› አልኩ። ሻካራውን ወደ ላይ አድርጌ እንደ አጎዛ አነጠፍኳት።

በቀዳዳው አየሁ። ብርሃን ነው። የሺን ጠራኋት፤ በሩ ላይ ቆመች፣ ሌንሱን አዞርኩ፣ ጥርት አለች። ‹ሳቂ እስቲ› አልኳት። ‹ምን አይቼ?› አለችና ሳቀች፤ ፍንጭቷን አየሁት። ያኔ ሲባጎውን ከካሜራው ፈትቼ ግቢው ውስጥ ወረወርኩት። ‹ሰዓዳ ትምጣና ታየኛለች› አልኩ። ፊልም ከየት ተርፎኝ ልሞክራት፣ ሰርጉ ደግሞ በበሩ ቆሟል።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ ጢም ብሏል። እኔ አዲስ ኮት ለብሼ፣ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ማን ይቻለኝ። ሰዓዳ ከሴቶቹ ጋር ገባች፤ ትርንጎ ጠርታት ነው። ትከሻዋ ላይ ከረጢት አለ።

‹በእንግድነት ነው የመጣሁ አያ ታከለ› አለችኝ።

‹ከረጢቱስ?›

‹እሱም እንግዳ ነው።›

ታዲያ እኔ ነገሩን ልተወው ብል ዓይኔ አልተወውም። ሙሽራዋን ሳነሳ፣ ሚዜዎቹን ሳነሳ፣ ጭፈራውን ሳነሳ፣ አንድ ዓይኔ ብሌኗ ላይ፣ አንዱ ሰዓዳ ላይ። ‹አወጣችው? አላወጣችውም። አሁን አወጣችው። ምኑን ነው የምታነሳ?› ትርንጎ ስታልፍ ‹አባዬ› ብላኛለች አሉ፤ አልሰማኋትም። ግን አንስቻታለሁ፣ እየዞርኩ፣ እየተንበረከክሁ፣ ያለ ገመድ፣ ስትስቅ፣ ስታለቅስ፣ ሁሉንም። በብሌኗ ጥርት ብላ ታየችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፊልሙን በመኪና ባሕር ዳር ላክሁ፤ ታጥቦ ለመልሱ ድግስ ደረሰልኝ። አማቾቻችን ተሰብስበዋል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ሰዓዳም ከሴቶቹ መካከል አለች። ‹አሁን ነው› ብዬ ፖስታውን እነሱው ፊት ከፈትኩት። የመጀመሪያውን አወጣሁ። ልጆች፣ ከፊት ለፊት የጎረቤታችን የአያ ደምሴ ማጅራት አለ፤ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ሽብሽቡ ሳይቀር። ከኋላው ሙሽራዋ አለች። ጭጋግ። እንደ ጉም የሆነ ነጭ ነገር። ሁለተኛውን አወጣሁ፤ የቢራ ጠርሙስ ጥርት ብሎ ጽሑፉ ይነበባል፣ ከበስተኋላው ትርንጎ ጭጋግ። ሦስተኛውም ያው። ሁሉም ያው።

የሙሽራው አባት አንዱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉና ‹ይህ ማጅራት የማን ነው?› አሉ።

‹የእኔ ነው› አለ ደምሴ። ‹እንዲህ ማማሩን አላውቅም ነበር። አንዱን ለእኔ ስጡኝ።›

ሰው ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ አስተካክላ ፖስታው ውስጥ መለሰች፣ ‹ምንም አይደል አባዬ› አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ምንም አይደል› ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መካከል ማንን እንዳየሁ ልንገራችሁ? ሰዓዳን። ስቃ እንደሆን ላይ። አልሳቀችም፤ ያም አናደደኝ።

ማግስቱን ሲባጎዬን ፍለጋ ግቢ ወጣሁ። ለካ አያታችሁ አንስታ የዶሮ እግር አስራበታለች። ‹ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእኔ ነው› አልኩና ዶሮዋን ፈትቼ ለቀቅኋት። የሺን በሦስተኛው ቋጠሮ ላይ አቆምኳት። በብሌኗ አየሁ፣ ጥርት አደረግኋት፤ ከዚያ ሌንሱ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ። አንድ ይላል። ሴትዮዋ ሦስት ላይ ቆማለች፣ ካሜራው አንድ ላይ ያለውን ነው የሚያነሳ። ገባኝ፤ ምስሉ የሚያርፍበት ሻካራ ፊት በፕላስቲኳ ውፍረት ልክ ከቦታው ከፍ ብሎ ነበር። ከፈትኩት፣ በወረንጦ ብሌኗን ገለበጥኳት፣ ሻካራውን ወደ ታች ወደ መስታወቱ፣ እና ቁጥሩና ቋጠሮው ገጠመ። አያችሁ፣ የአንዲት ስስ ፕላስቲክ ውፍረት ነው ልጄን ከእጄ የነጠቀኝ። ያችን ብሌን የጎንደሩ ጠጋኝ አስገብቶልኝ ቢሆን ኖሮ፣ የዚህ ግድግዳ ፎቶ የእኔ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ መጣች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ‹አያ ታከለ፣ አይቆጡኝ። ለትርንጎ አንድ አንስቼ ነበር› ብላ ለየሺ ሰጠቻት፤ ለእኔ ለመስጠት ፈርታ ነው። የሺ ፈታችው። ይኸው እሱ ነው፣ እዚያ መስኮቱ አጠገብ የተሰቀለው። እኔ እንዲሰቀል አልፈለግሁም፤ ግን የልጄ ሰርግ ሌላ ፎቶ የለው፣ ምን ልበል? ምስማሩን እንኳ የመታሁት እኔ ነኝ።

እስቲ ተነሱና እዩት። እናታችሁ መካከል ላይ አለች፣ እያየቻችሁ አይደለም፣ ባሏን ነው የምታይ። ሚዜዎቹ አሉ። ደምሴም አለ፣ በፊቱ። በቀኝ በኩል ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው እኔ ነኝ። ሰዓዳ ካላነሳችኝ በቀር ማን ያነሳኛል፣ ያለኝ የጎልማሳነት ፎቶ እሱው ነው።

‹አባባ፣ ሰው ሁሉ ወደ እናታችን ያያል። ወደ እኛ የሚያዩት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።›

‹እናንተን መቼ አዩና› ትላለች አያታችሁ፣ እንዝርቷን አስቀምጣ። ‹የሰዓዳን ካሜራ ነው የሚያዩ። አገር ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ፣ አባትየው የሰው ካሜራ ያያል። ያን ዕለት ልጃቸውን አላዩዋትም።›

ሳቂ፣ ሳቂ፣ ፍንጭትሽ ይታይልሽ። አላያትም ያለሽ ማን ነው? ይኸው ስነሳ አያታለሁ፣ ስተኛ አያታለሁ። በሰዓዳ ዓይን ነው እንጂ የማያት፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ።